ሦስት ሰዓት ላይ የደረሰው መልእክት

ይህ ነገር ከደረሰብኝ ሁለት ዓመት አልፎታል። እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። በእናቴ ለቅሶ ላይ የነበረ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ታሪክ አለ። እኔ የማውቀው ግን ከዚያ በሁለት ሰዓት ይለያል። ያቺ ሁለት ሰዓት ናት ሥራ ላይ ስሆንም፣ ቤቴ ስገባም ከሐሳቤ ያልወጣችው።

የምሠራው ሰመራ ነው። በጅቡቲ መንገድ የሚመላለሱ የጭነት መኪናዎችን ወረቀት የሚያስጨርስ አንድ የትራንዚት ድርጅት ቅርንጫፍ ውስጥ ነኝ። ስቀጠር የኮምፒውተር ባለሙያ ተብዬ ነበር። ቅርንጫፉ ግን አምስት ሰው ብቻ ስላለው ዲክላራሲዮን የሚባለውን የጉምሩክ ቅጽም እሞላለሁ፣ የተበላሸ ማተሚያም እጠግናለሁ፣ ሰው ሲጠፋ ስልክም አነሣለሁ። ተወልጄ ያደግኩት አዋሽ ሰባት ኪሎ ነው። አባቴ የባቡር ሠራተኛ ነበር። እሱ ካረፈ በኋላ እናቴ ከታናሽ ወንድሜ ከሰይፉ ጋር እዚያው ጣቢያው ሰፈር ትኖር ነበር። የሁሉንም ሰው ስም ቀይሬ ነው የምጽፈው።

የእኛ ሥራ ያለ ኢንተርኔት አንድ እርምጃ አይሄድም። መስመር ከሌለ ወረቀቱ አይላክም። ወረቀቱ ካልተላከ መኪናው አይንቀሳቀስም፤ ሹፌሩም ከተሳቢው ሥር ሰሌን አንጥፎ በዚያ ሙቀት ይውላል። እኛ ጋ ደግሞ መስመር መጥፋት የተለመደ ነበር። አንዳንዴ ለሰዓት፣ አንዳንዴ ለቀን።

በኋላ ሌላ የኢንተርኔት ድርጅት ከተማው ገባ። እኔም ለሥራ አስኪያጃችን ለአቶ ግርማ ከሁለቱም መስመር ይኑረን፣ አንዱ ሲጠፋ በሌላው እንሠራለን ብዬ ጻፍኩ። ሁለት መስመር ተቀብሎ በራሱ የሚያቀያይር ዕቃ ይሸጣል። ዋናው መሥሪያ ቤት ግን በጀት የለም አለ። አቶ ግርማ ወረቀቱን መልሶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠና፣ "እስቲ ባለው ነገር ሞክሪ" አለኝ።

ባለው ነገር ሞከርኩ። ከዕቃ ቤት የተጣለ አሮጌ ኮምፒውተር አወጣሁ። አቧራውን አራግፌ ሌላ የኔትወርክ ካርድ ጨመርኩበት፣ በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም ጫንኩበት። በአንድ በኩል የድሮውን ኬብል፣ በሌላ በኩል ደግሞ የአዲሱ ድርጅት ሲም የሚገባበትን ትንሽ ራውተር አገናኘሁ። የአዲሱ ድርጅት ምልክት ገና ደካማ ስለነበረ ምድር ላይ ስልክ አይዝም፤ የሚገኘው ጣሪያ ላይ ነው። ስለዚህ ራውተሩን ክዳን ባለው የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ አድርጌ ከውሃ ታንከሩ ብረት ጋር አሰርኩት።

መጀመሪያ ተሳስቼ ነበር። ኮምፒውተሩ መስመር መኖሩን የሚያረጋግጠው እዚያው ቢሮ ያለውን ዕቃ እየጠየቀ ነበርና መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ፣ ሁሉ ነገር ደኅና መስሎ፣ ከቢሮው ውጭ ግን ምንም አይሄድም። እንደዚያ ሆነን ግማሽ ቀን ካለፈን በኋላ ሩቅ ያለ ኮምፒውተር በየአስር ሰከንዱ እንዲጠይቅ አደረግኩት። ሦስት ጊዜ ጠይቆ መልስ ካጣ ወደ ሁለተኛው ይዞራል። ለሁለተኛው መስመር የተፈቀደልኝ ፓኬጅ በጣም ትንሽ ነበር። ለክፉ ቀን ብቻ ነው ተብሎ ነው የተፈቀደው።

ክፉው ቀን ማክሰኞ ጠዋት መጣ። በሚሌና በገዋኔ መካከል መንገድ የሚቆፍር ማሽን ዋናውን ኬብል በጠሰው ተባለ። ኢንተርኔቱም የእጅ ስልኩም አንድ ላይ ጠፋ። ከተማው ጸጥ አለ። እኛ ቢሮ ግን የእኔ አሮጌ ኮምፒውተር ሦስት ጊዜ ጠይቆ መልስ ሲያጣ ወደ ጣሪያው ራውተር ዞረ። ማንም አላወቀም። አቶ ግርማ ከጎረቤት ቢሮ መስመር መጥፋቱን ሰምቶ እየሮጠ ሲገባ እኔ ዲክላራሲዮን እየላክሁ ነበር።

"እንዴት ነው ይሄ የሚሠራው?" አለ።

ነገርኩት። ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ፣ "አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠን ነበር" አለኝ። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም።

ደስታው እስከ ምሳ ሰዓት አልቆየም። የእጅ ስልክ ስለጠፋ የቢሮው ሰው ሁሉ ስልኩን ከዋይፋዩ ጋር አገናኝቷል። ሹፌሮቹም የይለፍ ቃሉን አንዱ ለአንዱ ተቀባብለውታል። ለሳምንት ይበቃል ያልኩት ፓኬጅ በግማሽ ቀን ሩቡ ተበላ። ለአቶ ግርማ ስነግረው፣ "ከጉምሩክ ሥራና ከቢሮው ኢሜይል በቀር ሁሉንም ዝጊ" አለኝ። ዘጋሁ። ቪዲዮውን፣ ማኅበራዊ ሚዲያውን፣ ሰው የሚጻጻፍበትንም የሚደዋወልበትንም ሁሉ ዘጋሁ። የራሴንም ስልክ ጨምሬ ነው። እኔ ለራሴ ከፍቼ ሌላውን ልከለክል አልችልም።

ከሰዓት በኋላ ዘሐራ ጠረጴዛዬ ጋ መጣች። ዘሐራ የቢሮአችን ገንዘብ ያዥ ናት፣ የወሎ ልጅ። አንድ ግቢ ውስጥ ተከራይተን የምንኖር ጎረቤታሞች ነን። ሴት ልጅዋ ኮምቦልቻ አያቷ ጋ ትማራለች።

"ፀዳለ፣ አምስት ደቂቃ ብቻ ክፈቺልኝ" አለች። "ልጅቷ ትናንት ትኩሳት ነበራት። እንዴት አደረች ብዬ ልጠይቅና ዝጊው።"

"ለአንቺ ከከፈትኩ ለሁሉም ልከፍት ነው" አልኳት።

"ማንም አያይም እኮ፣ ወላሂ።"

"አልችልም ዘሐራ። አቶ ግርማን ጠይቂ።"

አልጠየቀችውም። ወደ ቦታዋ ተመልሳ ሥራዋን ቀጠለች። እኔም ቀጠልኩ።

ረቡዕ ሙሉ ቀን በጣሪያና በወንበር መካከል አለፈ። የሰመራ ፀሐይ ራውተሩን እያጋለ ያጠፋዋል። ጆንያ በውሃ ነክሬ መሰላሉን እወጣለሁ፣ ዕቃውን እሸፍናለሁ፣ እወርዳለሁ። በግማሽ ሰዓት ጆንያው ደርቆ እንደ ቆርቆሮ ይንኳኳል። እንደገና እወጣለሁ። የጎረቤት ቢሮዎችም ወረቀታቸውን በፍላሽ እያመጡ እባካችሁ ላኩልን ይሉን ጀመር። ላክንላቸው። ሹፌሮች በር ላይ ቆመው ስሜን እየጠሩ ይመርቁኝ ነበር። ስለ ቤተሰቤ ያሰብኩበት አንድ ደቂቃ ትዝ አይለኝም። መስመር ጠፍቷል፣ ሲመጣ እደውላለሁ፤ በቃ፣ ይኸው ነው የነበረው።

ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አንድ ሰው በሩ ላይ ቆሞ፣ "ፀዳለ የምትባል እዚህ አለች?" አለ። ሰዓቱን የማውቀው ዲክላራሲዮን ልኬ የተላከበት ሰዓት ስክሪኑ ላይ ስለወጣ ነው። ሦስት ሰዓት ከአራት ደቂቃ ይላል።

ሰውየው ዕድሜው ስድሳ የሚጠጋ፣ ፀጉሩ የሸበተ፣ አንገቱ ላይ ፎጣ የጣለ ሹፌር ነው። አይቼው አላውቅም። ወደ ጅቡቲ ጭኖ የሚሄድ መሆኑን ነገረኝ።

"ወንድምሽ አዋሽ ምሳ የምንበላበት ቤት መጥቶ ነው የያዘኝ" አለ። "ትናንት ነው። ወደ ታች የሚሄደውን ሹፌር ሁሉ እየዞረ ሰመራ ትደርሳለህ ወይ እያለ ሲጠይቅ ነበር። እናትሽ ታማለች። ቶሎ ትምጣ ብሎሻል።"

"በጣም ነው?" አልኩት።

"እኔ አላየኋትም። ልጁ ግን ሲነግረኝ ያለቅስ ነበር።"

ይህን በደንብ ሰምቻለሁ። አልሰማሁም፣ አልገባኝም ልል አልችልም።

ፊት ለፊቴ ያላለቁ የአራት መኪና ወረቀቶች ነበሩ። "አራት መኪና ይቀረኛል፤ እሱን ጨርሼ እነሣለሁ" አልኩት።

 ሰውየው ቀስ ብሎ፣ "እህቴ፣ መኪናው ይደርሳል" አለኝ።

"እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ" አልኩትና ወደ ስክሪኑ ዞርኩ።

ለምን እንዲህ እንዳደረግኩ ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። ምክንያት ብፈልግ አላጣም። እናቴ የስኳር ሕመምተኛ ነበረች። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ድረሺ ተብዬ በርሬ ሄጄ ተቀምጣ ሽንኩርት ስትልጥ አግኝቻታለሁ። አቶ ግርማም ያን ጠዋት ሚሌ ወርዶ ነበር። ራውተሩን የሚያውቅ ከእኔ ሌላ ሰው የለም። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ግን ያኔ ከእነዚህ አንዱንም አላሰብኩም። ምንም አላሰብኩም። እጄ ይጽፍ ነበር፣ ዐይኔ ቁጥር ያመሳክር ነበር። ሰውነቴ ከወንበሩ አልነሣም አለ።

ሹፌሩ መንገዱን ተሻግሮ ሻይ ቤት ሲቀመጥ በመስኮት አየሁት። ከአንድ ሰዓት በኋላ ተመልሶ መጥቶ በሩ ላይ ብቅ አለ። እዚያው ተቀምጬ አገኘኝ።  ፎጣውን ከአንገቱ አንሥቶ ፊቱን ጠረገና ሄደ። የመኪናው ሞተር ሲነሣ ሰማሁ።

አምስት ሰዓት ሲሆን አራቱን ጨርሼ ነበር። ያኔ ነው ተነሥቼ ለዘሐራ የነገርኳት። ደረቷን መታች።

"መቼ ነው የነገሩሽ?"

"አሁን" አልኳት።

ከዚያ በኋላ ሁሉን ነገር ያደረገችው እሷ ናት። በዚያ ሰዓት ወደ አዋሽ የሚሄድ አውቶቡስ የለም፤ የሚነሡት በጠዋት ነው። ግቢው ውስጥ ወረቀታቸውን ከጨረስኩላቸው አራት መኪናዎች አንዱ ማዳበሪያ ጭኖ ወደ ላይ ሊነሣ ነበር። ዘሐራ ሹፌሩን አነጋገረችው። የካዝናውን ቁልፍ ለአንድ የሥራ ባልደረባችን ሰጠች። ከቤት የእኔን ነጠላና የራሷን ሻርፕ ይዛ መጣችና ቀድማኝ ጋቢና ገባች።

"አንቺ የት ነው?" አልኳት።

"ብቻሽን አትሄጅም" አለች።

ከሁለት ቀን በፊት የከለከልኳት ሴት ናት። ስለዚያ ነገር ያን ቀንም፣ ከዚያም ወዲህ አንድ ቃል አውጥታ አታውቅም።

ሎጊያን አለፍን፣ ሚሌን አለፍን። ሹፌሩ ወጣትና ተጫዋች ነበር። ዘሐራ በጆሮው የሆነ ነገር ከነገረችው በኋላ ግን ሙዚቃውን ዘጋው። ተሳቢ ነው፣ ጭነቱም ከባድ ነው። በሜዳው ላይ በቀስታ ይሄዳል። ከመንገዱ ዳር ግመሎች ይታያሉ፤ ሙቀቱ በመስኮት እንደ እሳት ይገባል። ላፕቶፕ ቦርሳዬን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀምጫለሁ። ለምን እንደያዝኩት አላውቅም።

ገዋኔ ልንደርስ ስንል ኪሴ ውስጥ ስልኬ ነዘረ። ከዚያ ሳያቋርጥ ይነዝር ጀመር። ኬብሉ ከተበጠሰበት ቦታ አልፈን ነበርና የሁለት ቀን ተኩል መልእክት አንድ ላይ ገባ። ከላይ ጀምሬ በተራ አነበብኩት። ሁሉም ከሰይፉ ነው።

"ስልክሽ አይሠራም እንዴ? እማዬን ትንሽ አሟታል።" ይህ ማክሰኞ አሥር ሰዓት ላይ የተላከ ነው። ዘሐራ ከጠረጴዛዬ ከሄደች አንድ ሰዓት እንኳ አይሆንም።

"ሆስፒታል ወስደናታል።"

"ፀዱ፣ ያየሽው ከሆነ መልሺልኝ።"

"ግሉኮስ አድርገውላታል። ትጠራሻለች።"

"አሁንም ትጠራሻለች።"

"ለአንድ ሹፌር መልእክት ሰጥቻለሁ። ጠዋት ይደርሳል ብሎኛል።"

ከዚያ ሐሙስ ንጋት ላይ የተደወለ ስልክ፣ አሥራ አንድ ጊዜ። ጽሑፍ የለውም።

ከዚያ፣ "የት ደረስሽ?"

የመጨረሻው እንዲህ ይላል፦ "አባቶች እስከ ስምንት ሰዓት እንጠብቃታለን ብለዋል። ከዚያ በላይ ሙቀቱ አያስቆይም አሉ።"

አባቶች ማለት ካህናቱ ናቸው። ካህናት እስከ ስምንት ሰዓት የሚጠብቁት ለታመመ ሰው አይደለም። ሰዓቱን አየሁ። ስምንት ተኩል አልፎ ነበር።

ስልኩን ለዘሐራ ሰጠኋት። አነበበችና፣ "ኢና ሊላሂ" ብላ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ከዚያ አቅፋኝ አለቀሰች። ያለቀሰችው እሷ ናት። እኔ ትከሻዋ ላይ ሆኜ መንገዱን አይ ነበር። ከፊታችን ሌላ ተሳቢ ይሄዳል። ከኋላው የተጻፈውን ታርጋ ቁጥር አሁንም አልረሳሁትም። ሰይፉን ለማነጋገር ስላልደፈርኩ ዘሐራ ደወለችለት። "መንገድ ላይ ነን፣ ገዋኔ ነን" አለችው። የሚለው ነገር ይሰማኛል፤ ቃሉ አይደለም፣ ድምፁ ብቻ።

አዋሽ የገባነው አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሹፌሩ ከዋናው መንገድ ላይ ሊያወርደን ይችል ነበር። ግን ተሳቢውን ጣቢያው ሰፈር ድረስ አስገብቶ ድንኳኑ አጠገብ አወረደን። ሴቶቹ ሲያዩኝ ጩኸቱ እንደ አዲስ ተነሣ። አክስቴ ላዬ ላይ ወደቀች። ቦርሳውን ከትከሻዬ ያወረደው ማን እንደሆነ አላየሁም። አለቅሳለሁ ብዬ ጠበቅኩ። አልመጣም። አንዲት ጎረቤት፣ "አልቅሺ ልጄ፣ አልቅሺ ይውጣልሽ" ትለኝ ነበር። ሌላዋ፣ "ደንግጣ ነው፣ ተዋት" ትላለች።

እናቴ ከተቀበረች ሦስት ሰዓት ሆኗታል። አልጋዋ ተነጥፎ ነበር። ጫማዋ ከአልጋው ሥር እንደተቀመጠ ነው።

ሰይፉ ሰው ቀለል ሲል መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ዐይኑ አብጧል። በቢሮው መስመር የሚጻጻፉበትን ሁሉ ራሴ እንደዘጋሁት ነገርኩት። ማክሰኞውኑ ልሰማው ስችል የከለከልኩት እኔ ነኝ አልኩት። ሰማኝና፣ "ሥራሽ ነው። በምን ታውቂያለሽ" አለኝ። ከልቡ ነበር።

ከዚያ፣ "ሹፌሩስ ስንት ሰዓት ደረሰልሽ?" አለኝ።

"አምስት ሰዓት ገደማ" አልኩት።

ከአፌ ወጣ። አላሰብኩበትም። ሰይፉ ራሱን ነቀነቀ። "እኔ ለጠዋት ብዬው ነበር" አለ።

ከዚያች ቀን ጀምሮ ለቅሶ ለመድረስ የመጣ ሁሉ አንድ ነገር ይላል፤ ኔትወርክ ጠፍቶ ነው፣ መልእክቱም ዘግይቶ ነው የደረሳት ይባላል። እኔ ነጠላዬን ተከናንቤ ጥግ ላይ ተቀምጬ እሰማለሁ።

በስድስተኛው ቀን ድንኳኑ ተነሥቷል፤ ሰው ግን አንድ ሁለት እያለ ይመጣ ነበር። ከሰዓት በኋላ በሩ ላይ፣ "የሰይፉ ቤት ይሄ ነው?" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ሳላየው አወቅኩት። ያ ሹፌር ነው። ከጅቡቲ ሲመለስ የእናቴን ማረፍ ምሳ ቤቱ ውስጥ ሰምቶ መጥቷል። ያን ፎጣ አውልቆ ንጹሕ ጋቢ ለብሷል። "እግዜር ያጥናችሁ" ብሎ ተቀመጠ። ቤት ውስጥ አክስቴና ሁለት የአባቴ የሥራ ባልደረቦች ነበሩ። ሰይፉ ተነሥቶ እጁን ጨበጠው፣ ውሃ ሰጠው። እንግዳውን ለሰዎቹ አስተዋወቀ።

 ከዚያ ሰይፉ ጠየቀው። በቁጣ አይደለም። ማወቅ ፈልጎ ነው።

"ጋሼ፣ ያን ቀን ሰመራ ስንት ሰዓት ገቡ?"

ልቤ ቆመ ማለት እችል ነበር። ግን ውሸት ይሆናል። ምንም አልተሰማኝም። አሁን ይናገራል፣ ከዚያ ያበቃል ብዬ ጠበቅኩ። እንደውም ይናገር ብዬ ሳልፈልግ አልቀረሁም።

ሰውየው ወደ እኔ አየ። ረጅም አልነበረም፤ አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያየኝ። ከዚያ ወደ ሰይፉ ዞረ።

"ምን ልበልህ ልጄ" አለ። "አዳይቱን አለፍ እንዳልኩ ጎማ ፈነዳብኝ። የያዝኩት ትርፍ ጎማ ደግሞ ነፋስ አልነበረውም። እሱን ሳስተካክል ረፈደብኝ። ከእሷ ጋ ስደርስ አምስት ሰዓት ሆኖ ነበር። በጠዋት እደርሳለሁ ብዬህ ነበር። ይቅር በለኝ።"

አክስቴ ከንፈሯን መጠጠች። ከአባቴ ባልደረቦች አንዱ፣ "ጎማ ነዋ የከለከላት" አለ። ሰይፉ መሬት መሬት ሲያይ ቆይቶ፣ "ምን ያድርጉ። ደግሞ ይህንን ማድረስዎም ትልቅ ነገር ነው" አለ። ድምፁ ግን እንደ ቀድሞው አልነበረም። ሰውየው ገባው። አንገቱን ሰበር አድርጎ ተቀበለው።

እኔ አልተናገርኩም። "አይደለም" የምትል አንዲት ቃል ነበረች የምታስፈልገው። 

ሲወጣ እስከ ግቢው በር ሸኘሁት። በሩ ላይ ቆም አለ። አመሰግናለሁ ልበለው ወይስ ይቅርታ፣ አላወቅኩም።

"ለምን?" አልኩት።

"አምስት ሰዓት ነው የደረሳት ሲሉ ምሳ ቤቱ ሰማሁ። እኔ አላፊ አግዳሚ ነኝ" አለ። "እኔን ቢቀየሙኝ ነገ ይረሱኛል። አንቺ ግን ከወንድምሽ ጋር ገና ብዙ ትኖሪያለሽ።"

ይህን ብሎ ወደ መኪናው ሄደ። ስሙን እንኳ አልጠየቅኩትም። ከዚያ በኋላ በመስኮታችን የሚያልፉትን ሹፌሮች ሁሉ ለብዙ ጊዜ አያቸው ነበር። ተመልሶ አልመጣም። ይህን መንገድ ትቶ ይሆናል፤ ወይም ወረቀቱን በሌላ ቢሮ ያስጨርስ ይሆናል።

ሁለት ሳምንት ቆይቼ ወደ ሥራ ተመለስኩ። አቶ ግርማ ለዋናው መሥሪያ ቤት ስለ እኔ ጽፎ ኖሮ የምስጋና ደብዳቤ ጠበቀኝ። በዚያች ሳምንት ሥራ ያልቆመበት ብቸኛ ቅርንጫፍ ተብለናል። ሁለት መስመር የሚያቀያይረውንም ዕቃ ገዝተው ላኩልን። ገጠምኩት፤ ጥሩ ይሠራል። ሁለተኛው መስመር ላይ ስንሆን ሰው የሚጻጻፍበትን አሁን አልዘጋም። ጽሑፍ ብዙ እንደማይበላ ያኔም አውቅ ነበር። ሁሉንም ዝጊ ሲሉኝ ሁሉንም ዘጋሁ እንጂ፣ ይህ ይቅር ብዬ አልተከራከርኩም።

አንዳንድ ቀን ሰዓቱን አሰላዋለሁ። ሦስት ሰዓት ላይ ብነሣ፣ አነስተኛ መኪና ባገኝ፣ መንገድ ላይ ባንቆም፣ ስምንት ሰዓት እደርስ ነበር። አፈር ሳይለብሳት አያት ነበር። ሌላ ቀን ሳሰላው ደግሞ መኪና የለም፣ ዞሮ ዞሮ በዚያው ተሳቢ ነው የምሄደው፣ አልደርስም። ሁለቱም ትክክል ይመስለኛል። ሁለቱም ምንም አያደርጉልኝም።

እስከ አሁን አላለቀስኩም። የሙት ዓመቷ ላይ ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እኔ የሚበላውን ሳቀርብ፣ ሰሃን ስሰበስብ ዋልኩ። ዘመዶቼ ጠንካራ ናት ይሉኛል። ጥንካሬ አይደለም። ምን እንደሆነ እኔም አላውቅም። ደረቴ ውስጥ የሆነ ቦታ ላይ ስነካው የማይሰማኝ አለ። ሐኪም ጥርስ ሲነቅል አደንዝዞት ጉንጭን ሲነኩት እንደሚሆነው።

የሚሰማኝ አንድ ነገር ቢኖር ሰይፉ ስለዚያ ሹፌር ሲያነሣ ነው። ከአባታችን ባልደረቦች ጋር ሲያወራ፣ "አንድ ሰው አምኜ፣ ጎማውን እንኳ ሳያይ መንገድ ወጥቶ" ይላል። ክፉ ሰው አይደለም ወንድሜ። ኀዘኑን የሚያሳርፍበት ሰው ፈልጎ አግኝቷል። ያ ሽማግሌ በማያውቀው ቤት፣ ለማያውቃት ሴት ሲል ጥፋቴን ተሸክሞልኝ ሄዷል። ሰይፉ እንዲህ ባለ ቁጥር ጆሮዬ ይግላል፤ ዝም እላለሁ።

ጎማ አልፈነዳም። ሰውየው በጠዋት እደርሳለሁ ብሎ በጠዋት ደርሷል። ሦስት ሰዓት ከአራት ደቂቃ ላይ ፊቴ ቆሞ ነበር።

ሰይፉ የአንባቢዎች ታሪክ የሚወጣበትን ይህን ገጽ ሳያነብ የሚያልፈው ሳምንት የለም። ስሞቹን ብቀይርም እሱ ሁለት መስመር ሳይሄድ ያውቀዋል። አንብቦ ሲጨርስ ምን እንደሚለኝ አላውቅም። በአፌ ልነግረው ሁለት ዓመት ሞክሬ አልቻልኩም፤ ስለዚህ ጻፍኩት።